አሥራ አንዱ ቀፎና ያልጠፋው ጥጃ

ተረትና ምሳሌ ሁሉ ሽበት ያወጣ ይመስለናል። አያት ከቅድመ አያቱ ሰምቶት፣ ቅድመ አያትየው ደግሞ ከማን እንደሰማው ሳይታወቅ ሲንከባለል የመጣ። አብዛኛው እርግጥ እንዲያ ነው። በሰንበሌጥ አምባ የሚነገረው አንዱ ግን ገና ለጋ ነው፤ የተወለደበትን ቀንና ድንጋይ፣ መጀመሪያ ከአፉ ያወጣውን ሰው ጭምር የሚያውቁ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። እዚያ አገር አንድ ሰው ሕመሙን ሲደብቅ ኖሮ አልጋ ላይ ሲወድቅ፣ ወይም የማሳው ድንበር መቦርቦሩን ለጎረቤት ሳይናገር ጎርፍ ሲወስድበት፣ ይህችን አባባል ጣል ያደርጉለታል። ሰውየውም አይቀየምም፤ ከየት እንደመጣች ያውቃላ። እኛም አባባሏን ከመስማታችን በፊት መምጫዋን እንስማ።

ሰንበሌጥ አምባ ተዳፋት ላይ የሰፈረ መንደር ነው። ከላይ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መሐል ላይ ቤቶቹ፣ ከቤቶቹ በታች የባቄላና የኑግ ማሳዎች፣ ከማሳዎቹ ግርጌ ደግሞ ቀጭን ገደል የሚሉት ሸለቆ አለ። ወይራው፣ ብሳናውና ግራዋው ተቆላልፎ የበቀለበት፣ ፍየል እንኳ ፈራ ተባ እያለች የምትወርደው ቦታ ነው። አንለይ የሚባል ሰው አሥራ አንድ የንብ ቀፎውን የደበቀው እዚያ ነበር።

አንለይ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዝምተኛ እንጂ። ከአባቱ የወረሰው መሬት ቁልቁለቱ በዝቶበት አፈሩን ጎርፍ ጠርጎት፣ የቀረው ድንጋይ ከእህሉ ይበልጥ ነበር። ሚስቱን ያልጋነሽንም ራሱንም የሚያኖረው ንቡ ነው። አባቱ ሊሞት ሲያጣጥር ጆሮውን ወደ አፉ አስጠግቶ የነገረው ቃል ሁልጊዜ ይሰማው ነበር። «አንለይ፣ ንብህን አትቁጠር። ከቆጠርክም ለሰው አትንገር። ንብ ዓይን አይችልም። የተቆጠረ ንብ ይሰደዳል።» የአገሩ ንብ አርቢ ሁሉ ይህን ነገር ያምን ነበርና አባትየውም ከአባቱ ነው የሰማው።

ስለዚህ አንለይ ሦስት ያረጁ ቀፎዎች ከቤቱ ጣሪያ ሥር ለሰው ዓይን ሰቅሎ፣ ደህና ደህናዎቹን ገደሉ ውስጥ ካለው የድንጋይ እርከን ላይ ደረደራቸው። በሳምንት ሁለቴ ማገዶ ለቀማ የሄደ መስሎ ይወርዳል። እዚያ ሲደርስ ደግሞ ያ ዝምተኛ ሰው አፉ ይፈታል። የጉልበቱን ቁርጥማት፣ የዝናቡን መዘግየት፣ ያልጋነሽ ያኮረፈችበትን ምክንያት ሁሉ ለንቦቹ ይነግራቸዋል። ለሰው ስለ ንቦቹ አይናገርም፤ ለንቦቹ ግን ስለ ሰው ይናገራል። ሲጠይቁት መልሱ አንድ ናት፤ «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ፈገግ ይላል።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የዚያ ዓመት ጉድ የመጣው በነሐሴ ማለቂያ ላይ ነበር። ባቄላው አብቦ ተዳፋቱ ላይ ነጭና ጥቁር ነቁጥ ጣል ጣል ሲል፣ ክሽክሽ ገባበት። ክሽክሽ ማለት ያቺ ጥቁር፣ ጥቃቅን፣ የባቄላው ጫፍ ላይ ተጣብቃ ወዙን የምትመጥ ተባይ ናት። ዛሬ አንድ ዘለላ ላይ ያየኻት ከነገ ወዲያ ማሳውን ታለብሰዋለች። ቢምረው የሚባለው ከቀጭን ገደል አፋፍ ላይ ማሳ ያለው ጎረምሳ ገበሬ አንድ ቀንበጥ ቀጥፎ ለልማት ሠራተኛዋ ለአይናዲስ ሲያሳያት፣ ቀንበጡ ጥላሸት የተቀባ ይመስል ነበር።

አይናዲስ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰውን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ሰበሰበችው። ቀጠን ያለች፣ ቦት ጫማዋ ከጭቃ የማይለይ፣ የምትናገረውን ደጋግማ መናገር የማይሰለቻት ልጅ ናት። መሬት ላይ አንድ ቢጫ ጀሪካን አስቀምጣ ነበር።

«ይህን እናንተ መድኃኒት ትሉታላችሁ» አለች። «ለባቄላው መድኃኒት ነው፤ እውነት ነው። ለንብ ግን መርዝ ነው። ባቄላው ደግሞ አሁን አበባ ላይ ነው፣ ንቧም አበባው ላይ ናት። በጠዋት ስትረጩ ያገኛታል፤ ያገኛት ደግሞ ይዛው ወደ ቀፎዋ ትገባለች።»

«ታዲያ ባቄላችንን ዝም ብለን ለክሽክሽ እንስጠው ነው የምትይ?» አለ ቢምረው።

«አልወጣኝም። መርጨቱ የግድ ሆኗል። ግን ተነጋግረን እንርጭ ነው የምለው። ያለን ሁለት ፓምፕ ነው፤ ሰማዩም ከአምስት ቀን በላይ ፋታ የሚሰጠን አይመስለኝም። ስለዚህ ንብ አጠገቡ የሌለበት ማሳ ጠዋት ይረጫል። አጠገቡ ቀፎ ያለበት ማሳ ግን ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ንቡ ሁሉ ከገባ በኋላ ይረጫል፤ ባለቤቱ ደግሞ ቀፎውን በእርጥብ ጆንያ ይሸፍንና አንድ ቀን ዘግቶ ያውለዋል። ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ቀፎ ያለው ሰው የት እንዳለው ይናገር።»

አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሌላው የሰማዩን ደመና ይመረምር ጀመር። በመጨረሻ ወይዘሮ እንጉዳይ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ተነሣች።

«እኔ ከጓሮዬ ሁለት አለኝ» አለች። «ቡዳ ከበላቸው ይብላቸው እንግዲህ። በመርዝ ከሚያልቁ ይሻላል።»

ሰዉ ሳቀ፣ አይናዲስም ደብተሯ ላይ አሰፈረችው። ከዚያ ዓይን ሁሉ ወደ አንለይ ዞረ። ንብ አርቢ ከተባለ በአገሩ እሱ ነውና።

«እኔ ከጣሪያ ሥር ያሉት ሦስቱ ብቻ ናቸው» አለ አንለይ። «አገር ያያቸዋል።»

ቢምረው ግን አልተወውም። ተንኮል ኖሮት አይደለም፤ በማሳው ላይ ስለሚያያቸው ንቦች እውነት ማወቅ ፈልጎ ነው። «አያ አንለይ፣ ከኔ ማሳ ላይ ሲያንዣብብ የሚውለው ንብ ወደ ቀጭን ገደል ነው የሚገባ። ያንተ ነው እንዴ? ያንተ ከሆነ የኔን ማሳ ለማታ ላስቀረው።»

አንለይ የአባቱ ትንፋሽ ጆሮው ላይ ተሰማው። የሰዉ ብዛት፣ የዓይኑ ብዛት አስፈራው። አሥራ አንድ ብሎ ቢናገር በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት ያወጣቸው መሰለው።

«የዱር ንብ ነው» አለ።

«የዱር ከሆነ እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለ ቢምረው። «ማን ይዘጋለታል።» የቢምረው ማሳ ለማክሰኞ ጠዋት ተመደበ።

አሁን ደግሞ አያ ጓንጉልን ማወቅ አለብን። አያ ጓንጉል የመንደሩ ለፋፊ ነው። ሰው ሲሞት፣ ስብሰባ ሲጠራ፣ ከብት ሲጠፋ፣ ከማሳዎቹ በላይ ያለች አንዲት ድንጋይ ላይ ወጥቶ ጡሩንባውን ይነፋና መልእክቱን ይለቀዋል። ድምፁ ከዚህ ተራራ ተነሥቶ ከማዶ ያለውን ያስነጥሰዋል እያሉ ይቀልዱበት ነበር። አንድ ሥርዓት ነበረችው፤ በአርባ ዓመት የለፋፊነት ዘመኑ በላኩት ቃል ላይ የራሱን አንዲት ፊደል ጨምሮ አያውቅም። «እኔ ቧንቧ ነኝ» ይላል፤ «የሚፈሰው የናንተ ነው።» የራሱ አሳብ ምን እንደሆነ ሚስቱም አታውቅ ይባል ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ አያ ጓንጉል ድንጋይዋ ላይ ወጣ። «ስማ! ስማ! ከቀጭን ገደል አፋፍ ያለው ማሳ ነገ ጠዋት ይረጫል! ቀፎ ያለህ ዝጋ! ከብትህን ከማሳው አርቅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»

አንለይ ሰማ። እንዴት አይሰማ። በልቡ ግን ዘዴ ዘይዶ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ስድስት ጆንያ ይዞ ወደ ገደሉ ይወርዳል፣ ጆንያዎቹን ለሁለት ለሁለት ቀድዶ ከሸለቆው ምንጭ ነክሮ ንቡ ሲገባለት ይሸፍነዋል፤ ማንም ሳያየው ይመለሳል። ንቡም ይድናል፣ ምስጢሩም ይድናል። ቢምረውም አይከፋ፣ አባቱም አይከፋ። ይህን ሲያስብ ራሱን እንደ ብልኅ ቆጠረ።

ጆንያዎቹን ጠቅልሎ በጋቢው ሥር ይዞ ቁልቁል ወረደ። የማሳዎቹ ጫፍ ላይ፣ ወደ ገደሉ የምታስገባዋ ቀጭን መንገድ አፍ ላይ ሲደርስ አያ ጓንጉል አንድ ጉቶ ላይ ተቀምጦ የታመመ ጉልበቱን ሲያሽ አገኘው።

«ወዴት ነው፣ አንለይ?»

አንለይ ቆመ። «ማገዶ» እንዳይል ማገዶ ለቃሚ በዚህ ሰዓት አይወርድም። አፉ ያገኘውን ተናገረ።

«ጥጃ ጠፍቶኝ።»

«የትኛው ጥጃ?»

«ቡሬው።»

«ታዲያ ለምን አትጣራም? ጥጃ በዝምታ ይፈለጋል?» አያ ጓንጉል ጉልበቱን ይዞ ተነሣ። «ና፣ እኔ እጣራልሃለሁ። ወደ ገደሉ ነው የገባው?»

«የለም የለም» አለ አንለይ በችኮላ። «ወደ ላይ ነው የሄደ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ።»

እንግዲህ አስቡት። አንድ እግሩ የሚያነክስ ሽማግሌ ያንን አቀበት «ቡሬ! ቡሬ!» እያለ ሲወጣ፣ ባለ ጥጃው ደግሞ ጆንያውን በብብቱ ይዞ፣ ቤቱ ታስሮ ሣር የሚያመነዥገውን ጥጃ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ሲፈልግ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ዞሩ። አንለይ በየመሐሉ ወደ ኋላው ወደ ገደሉ ያያል። ሊናገር ይፈልጋል፣ ይፈራል። ይህ ደግ ሽማግሌ እያነከሰ በሄደ ቁጥር ውሸቱ እየከበደው፣ እውነቱን ማውጣትም እየከበደው ሄደ።

«አይዞህ» አለው አያ ጓንጉል ሲለያዩ። «ነገ ማልጄ እለፍፍልሃለሁ።»

«ተወው፣ አያ ጓንጉል። ለአንድ ጥጃ ብለህ።»

«ለአንድ ጥጃ? እኔ ለአንድ መርፌ ለፍፌ አውቃለሁ።»

ቀጭን ገደል በጨለማ አይወረድምና አንለይ በማግስቱ ገና ውጋገኑ ሲታይ ተነሣ። ንብ የሚወጣው ፀሐይ ሞቅ ሲል ነው፤ ጊዜ አለኝ ብሎ አሰበ። ጆንያዎቹን ነክሮ በሩን ሲከፍት ግን ጡሩንባው ተነፋ።

«ስማ! ስማ! የአንለይ ቡሬ ጥጃ ጠፍቷል! ያየህ ተናገር፣ ያላየህ ፈልግ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»

የሰንበሌጥ አምባ ሰው ደግሞ በዚህ አይታማም። ፀሐይ ሳትወጣ ደጁ በሰው ተሞላ። አንዱ ዱላ፣ አንዱ ገመድ፣ አንዱ ለጥጃው እናት ብሎ አንድ እቅፍ ሣር ይዞ መጣ። አንለይ ተደናግጦ ጆንያዎቹን ደጅ ላይ ጥሎ ተመለሰና ጥጃውን ከታሰረበት ፈትቶ ወደ ጓዳ ጎተተው።

ያልጋነሽ እሳት እያነደደች ነበር። ባሏንና ጥጃውን ተራ በተራ አየቻቸው። «ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል? የጠፋው ጥጃ ይኸ አይደለም?»

«ቀስ በይ። አፉን ያዥልኝ።»

«የማንን? የጥጃውን ነው ያንተን?»

ወደ ደጅ ወጣና ሰዉን አመሰገነ፤ የጥጃውን መልክ ጠየቁት፣ ነገራቸው። ወዴት እንዳመራ ጠየቁት፣ ዋሻቸው። ለሌለ ጥጃ ይህ ሁሉ ሰው እንቅልፉን ትቶ መምጣቱን ሲያይ ዓይኑ እንባ ሞላ። ሰዎቹ ግን ለጥጃው ያለቀሰ መስሏቸው አጽናኑት፤ ምርቃት የሚያዥጎደጉዱለትም ነበሩ። ጥለውት ለመሄድ አይቸኩሉ፣ እሱም ጥሏቸው መሄድ አይችል። ፀሐይ ወጣች። ቀስ በቀስም ሞቀች።

በዚህ መሐል ቢምረው ፓምፑን በጀርባው አዝሎ በደጁ አለፈ። ቆም አለና፣ «አያ አንለይ፣ እኔ አፋፉ ላይ ነኝ። ጥጃህን ካየሁት እጮህልሃለሁ» አለው።

አንለይ አፉን ከፈተ። አሁን ቢናገር ጥጃው ውሸት መሆኑ ሊወጣ ነው። ጥጃው ውሸት ከሆነ የእሑዱ ቃልም ውሸት ሊሆን ነው። በአያ ጓንጉል ፊት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። አፉን መልሶ ዘጋው። «እግዜር ይስጥህ፣ ወንድሜ» ብቻ አለው። አንለይ ከዚያ በኋላ በኖረበት ዘመን ሁሉ፣ ከሁሉ የቆጨኝ ያቺ ሰዓት ናት ይል ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የፓምፑ ጭስ ጭስ የሚል ድምፅ ከታች ተሰማ። አንለይ እዚያው ደጁ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ፈላጊዎቹ ተበታትነው ነበር። እሱ ወደ ላይ እንዲሄዱ ቢመክራቸውም አያ ጓንጉል፣ «ጥጃ ጥላ ይወዳል፤ ገደሉን እንይ» ብሎ አምስት ሰዎች አስከትሎ ወረደ።

ረፋድ ላይ ያ የታወቀ ድምፅ ያለ ጡሩንባ ከገደሉ ወጣ። «አንለይ! ና ድረስ! ንብ እያለቀ ነው!»

አንለይ ሮጠ። ባዶ እግሩን ነበር፤ ያልጋነሽ ከኋላው ስትከተለው አላያትም። የድንጋዩ እርከን ላይ ሲደርስ አምስቱ ሰዎች ኮፍያቸውን አውልቀው እንደ ለቅሶ ቤት ቆመው ነበር። መሬቱ በንብ ተሸፍኗል። አንዳንዱ በጀርባው ተገልብጦ ይሽከረከራል፣ አንዳንዱ ክንፉን እያርገበገበ መነሣት ያቅተዋል። የሞቱት ምላሳቸውን አውጥተው ነው የሞቱት። ከላይ ከማሳው የሚመለሱት ደግሞ እንደሰከረ ሰው እየተንገዳገዱ የቀፎውን አፍ ስተው ድንጋዩ ላይ ይወድቃሉ። አንለይ ተንበረከከና በእፍኙ ዘገናቸው። እጁ ላይ ጥቂት ተንቀሳቀሱና ተዉ።

«እነዚህ ቀፎዎች የማን ናቸው?» አለ ከሰዎቹ አንዱ በዝግታ። የአንለይ ሁኔታ መልሱን ይናገር ነበር።

ቢምረው ጩኸቱን ሰምቶ ፓምፑን እንዳዘለ ወርዶ ነበር። ያየውን ባየ ጊዜ ፓምፑን ከጀርባው አውርዶ መሬት ላይ ጣለው።

«አያ አንለይ፣ ጠይቄህ ነበር» አለ። «እሑድ ዕለት በሰው ፊት ጠይቄህ ነበር።»

«ጠይቀኸኝ ነበር» አለ አንለይ። «አንተ ምንም አላደረግህም፣ ልጄ። የገደልኳቸው እኔ ነኝ።» ከዚያ ቀና ብሎ አያ ጓንጉልን አየው። «ጥጃም አልጠፋኝም። ጓዳ ነው ያለ። ትናንት ስታገኘኝ እነዚህን ልዘጋ ስወርድ ነበር።»

አያ ጓንጉል ጉልበቱን ያዘና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ምንም አልተናገረም። የላከው ሰው አልነበረማ።

ከኋላ የያልጋነሽ ድምፅ መጣ። «ልቅሶው ይቆየን። የቀሩትን እንይ።» እነዚያኑ አንለይ ደጅ ላይ የጣላቸውን እርጥብ ጆንያዎች ተሸክማ ወርዳለች። «ቢምረው፣ ከዚህ በላይ አትርጭ። እናንተ ደግሞ ከድንጋዩ ጀርባ ያሉትን ሸፍኑ፤ እነሱ ገና ብዙ አልወጡም።»

አንለይ ዞሮ አያት። «ታውቂ ነበር?»

«ሠላሳ ዓመት ጋቢህን ያጠብኩ እኔ» አለች። «የግራዋ አበባና የሰም ሽታ ማገዶ ለቀማ ላይ ይገኛል? ልትነግረኝ ስላልፈለግህ ዝም አልኩህ። እኔም እሑድ ዕለት እዚያው ነበርኩ፤ እኔም ዝም አልኩ።» ይህን ስትል እጇ ሥራውን አላቆመም።

ሰዎቹ ጋቢያቸውን ሳይቀር ምንጩ ውስጥ እየነከሩ ሸፈኑ። ጥጃ ፍለጋ የመጣ እጅ ሁሉ ንብ አዳኝ ሆነ። አይናዲስ ተጠርታ መጣችና እስከ ማግስቱ ምሽት ተዘግተው እንዲቆዩ፣ ከውስጥም ውኃ እንዲደረግላቸው አሳየቻቸው። አንለይን አልወቀሰችውም። ከአጠገቡ ተቀምጣ፣ «አባቴ፣ እኔም በሰው ሁሉ ፊት ባልጠየቅኩዎት ይሻል ነበር። ለብቻዎ መጥቼ ብጠይቅዎት ኖሮ ይነግሩኝ ነበር መሰለኝ» አለችው። አንለይ እሱን እንጃ አለ። ከአሥራ አንዱ ቀፎ ሦስቱ ተረፉ። የወይዘሮ እንጉዳይ ሁለቱ ግን ምንም ሳይነካቸው ደህና ነበሩ፤ ጓሮዋ አጠገብ ያለው ማሳ የተረጨው ሲመሽ ነበርና።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው እንደገና በቅጥሩ ሥር ተሰበሰበ። ሰማዩ ከታሰበው አምስት ቀን በላይ ፋታ ሰጥቷቸው ነበር፤ የቀረው ማሳ ገና አልተረጨም ነበር። አይናዲስ ገና ደብተሯን ሳትገልጥ አንለይ ተነሣ።

«ከጣሪያው ሥር ካሉት ሌላ አሥራ አንድ ነበሩኝ» አለ። «አባቴ ንብ ሲቆጠር ይሰደዳል ብሎኝ ነበር። ለሰው ቆጥሬ አልነገርኩም፤ አልተሰደዱም፤ አለቁ። አሁን ሦስት ናቸው። ቀጭን ገደል፣ ከምንጩ በላይ፣ ከድንጋዩ ጀርባ። የፈለገ ሄዶ ይያቸው።»

ተናግሮ ሲጨርስ ሰማይ የሚወድቅበት መስሎት ጠበቀ። የወደቀበት ነገር የለም። ይልቁንስ ከኋላ አንድ ሽማግሌ አንገቱን አቀርቅሮ፣ «እኔ ከወንዙ ማዶ አራት አለኝ» አለ። ሌላው፣ «እኔ ከዋሻው አፍ ሁለት» አለ። አንዲት ሴት ባሏን በክርኗ ስትጎስመው ታየችና ባልየው፣ «እሺ፣ አምስት ናቸው» ብሎ ተቀመጠ። እየተሳሳቁም እየተፋፈሩም ተናገሩ። ለካ ያ አካባቢ ሁሉ በተደበቀ ቀፎ ተሞልቶ ኖሯል፤ እያንዳንዱ የራሱን ምስጢር ብቸኛ ምስጢር እያደረገ፣ አንዱ ያንዱን ንብ የዱር ንብ ነው እያለ ኖሯል። ቢምረው ያልተረጨውን የማሳውን ግማሽ ለምሽት ለውጡልኝ አለ። ሌሎችም ተከተሉት። ጠዋት የሚረጭ አንድም ማሳ አልቀረም።

አያ ጓንጉል መልእክቱን ተቀብሎ ወደ ድንጋዩ ሄደ፤ ሰውም ወደ ቤቱ ለመውረድ መንገድ ላይ ነበር። ጡሩንባውን ነፋ። የትኛው ማሳ መቼ እንደሚረጭ፣ ማን ቀፎውን መቼ እንደሚዘጋ አንድ በአንድ ለፈፈ። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ብሎም እንደ ልማዱ ደመደመ። እንደ ልማዱ ግን ከድንጋዩ አልወረደም። ጡሩንባውን በብብቱ ይዞ ወደ ቀጭን ገደል እያየ ቆመ፤ ሰዉም አንድ በአንድ መንገዱ ላይ ቆመ፤ አንለይም ቆመ። ከዚያ ያ አርባ ዓመት የሰው ቃል ሲያፈስ የኖረ ሽማግሌ፣ ማንም ሳይልከው፣ ድምፁንም ከፍ ሳያደርግ፣ የራሱን ቃል ተናገረ፦ «ከሰው የሰወሩት ቀፎ፣ ከመርዝ አይሰወርም።»